ከአረንጓዴው ኮረብታ በፊት ያሉት 54 ባይቶች

ዊንዶውስ ኤክስፒ በነገሠበት ዘመን ኢንተርኔት ካፌ የገባ፣ ወይም በመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ደብዳቤ እስኪተየብለት የጠበቀ ሰው ያን ኮረብታ ያውቀዋል። ሰማያዊ ሰማይ፣ የተበታተነ ነጭ ደመና፣ ከሥሩ ልሙጥ አረንጓዴ መስክ። ብዙ ሰው በኮምፒውተር የተሣለ ይመስለው ነበር። ፎቶግራፍ ነው፤ ቻርልስ ኦሪር የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በ1996 በካሊፎርኒያ፣ ሶኖማ ካውንቲ ውስጥ በመንገድ ሲያልፍ ያነሣው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማይክሮሶፍት መብቱን ገዝቶ «ብሊስ» አለው፤ በ2001 ኤክስፒ ሲወጣም የማሽኑ የመጀመሪያ ገጽታ አደረገው።

እዚህ የምንነጋገረው ግን ስለ ፎቶው አይደለም፤ ስለተቀመጠበት ፋይል ነው። ኤክስፒ አብረውት የመጡትን አብዛኞቹን ሌሎች ሥዕሎች በጄፔግ አጭቆ ሲያስቀምጥ፣ ኮረብታውን ግን ቢኤምፒ በሚባለው አሮጌ ዓይነት ነበር ያኖረው፤ 800 ነጥብ በአግድም፣ 600 ነጥብ በቁም። ቢኤምፒ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጨምቅም። በዚህ ፋይል እያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 800 በ600 የሆነ ምስል 1,440,000 ባይት ይሆናል። በዚህ ላይ ከፊት የሚቀመጡ 54 ባይቶች አሉ። ጠቅላላው 1,440,054 ነው፤ በዚያ ዘመን ፍሎፒ ዲስክ ላይ ለጥቂት ይገባል። ጉዳያችን 54ቱ ናቸው።

ለማሽኑ ፋይል ማለት ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮች የተሰለፉበት አንድ ረጅም መስመር ነው። 1,440,000 ቁጥር ሰጥተን «ሣል» ብንለው ከየት ጀምሮ የት ላይ መስመር እንደሚቀይር አያውቅም። 800 በ600 ሊሆን ይችላል። 600 በ800 ቢባልም ሒሳቡ እኩል ይመጣል፤ ሥዕሉ ግን ይቆራረጥና ደመናና ሣር የተደባለቁበት ዝብርቅርቅ ይወጣል። 1200 በ400ም ያው ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የተጻፈው በ1 ባይት ነው ካልን ደግሞ የነጥቦቹ ቁጥር ሦስት እጥፍ አድጎ ሌላ ምስል ይሆናል። ከእነዚህ የትኛው እውነት እንደሆነ ቁጥሮቹን በማየት ብቻ ማወቅ አይቻልም። የሚነግረን ራስጌው ነው፤ ፕሮግራመሮች ሄደር ይሉታል።

ኮድ ለሚማር ሰው የቢኤምፒን ራስጌ ከማንበብ የተሻለ መለማመጃ ማግኘት ይከብዳል። ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪዎች የሚያስተምረው ሲኤስ50 የተባለው ኮርስ ተማሪዎቹን በሲ ቋንቋ ፎቶ እንዲያደበዝዙና ወደ ግራጫ እንዲለውጡ ሲያዝ፣ የሚሰጣቸው ፋይል ቢኤምፒ ነው። ጄፔግን መፍታት ብዙ የሒሳብ ትምህርት ይጠይቃል። ቢኤምፒ የሚጠይቀው መደመር፣ ማባዛትና ጥርጣሬ ነው። የመጨረሻውን ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች ይዘሉታል፤ እኔ ደግሞ ዋናው እሱ ነው እላለሁ። ራስጌን በደንብ የሚያነብ ኮድ ከተጻፈ በኋላ ቢታይ፣ ከግማሽ የሚበልጠው መስመር የተነበበውን ላለማመን የተጻፈ ነው።

800 በ600 የሆነና እያንዳንዱ ነጥብ በ24 ቢት፣ ማለትም በ3 ባይት፣ የተጻፈበት ፋይል ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ 14 ባይቶች እነዚህ ናቸው፦

66 77 54 249 21 0 0 0 0 0 54 0 0 0

66 እና 77 በአስኪ ሰንጠረዥ የላቲኖቹ «ቢ» እና «ኤም» ፊደሎች ናቸው። ማረጋገጫ ምልክቱ ይህ ነው። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ምንም ቢለጠፍ ዋጋ የለውም፤ ጥሩ ፕሮግራም ስሙን ትቶ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያያል። ጂአይኤፍ በ71 73 70 ይጀምራል፣ ጄፔግ በ255 216፣ ፒኤንጂ በ137። አንድ ሰው የቢኤምፒውን ስም ቀይሮ ጄፔግ ቢለው ፋይሉ ያው ቢኤምፒ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች ያጋልጡታል።

ይሁን እንጂ ሁለት ፊደል ደካማ መታወቂያ ነው። አንድ የመኪና ነጋዴ በኖትፓድ የዋጋ ዝርዝር ጽፎ የመጀመሪያው መስመር በላቲን ፊደል «ቢኤምደብሊው» ብሎ ቢጀምር፣ ያ ተራ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ፈተና ያልፋል። በ1996 የወጣው ፒኤንጂ ይህ እንዳይሆን ምልክቱን 8 ባይት አድርጎታል፤ የመጀመሪያውም ባይት 137 ስለሆነ በአስኪ ፊደል ውስጥ አይገኝም። የቢኤምፒ አንባቢ ግን «ቢኤም»ን ካየ በኋላ ገና ምንም እንዳላረጋገጠ ቆጥሮ መቀጠል አለበት።

ቀጥለው የሚመጡት አራት ባይቶች፣ 54 249 21 0፣ የፋይሉን ጠቅላላ ልክ ይናገራሉ። እንዴት 1,440,054 ይሆናሉ? አንድ ባይት ከ255 በላይ ስለማይዝ ትልልቅ ቁጥር በአራት ባይት ይከፋፈላል፤ የሁለተኛው ባይት ዋጋ በ256 ይባዛል፣ የሦስተኛው በ65,536፣ የአራተኛው በ16,777,216። 54፣ በዚያ ላይ 249 ጊዜ 256፣ በዚያ ላይ 21 ጊዜ 65,536 ሲደመር 1,440,054 ይመጣል። ልብ በሉ፤ ትንሹ ቤት ነው የቀደመው። እኛ ቁጥር ስንጽፍ ትልቁን ቤት በስተግራ እናስቀድማለን፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር ትንሹን ያስቀድማል፤ ቢኤምፒም ከዚያ ቤት የተወለደ ነው። ቢኤምፒ በተወለደበት ዘመን በማኪንቶሽና በአሚጋ ውስጥ የነበረው የሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር ትልቁን ያስቀድም ነበር። 800 ስፋት በፋይሉ ውስጥ 32 3 0 0 ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ በሞቶሮላ ሥርዓት ያነበበ ኮድ ይህንኑ 537,067,520 ብሎ ይረዳዋል።

ስለዚህ ጠንቃቃ ፕሮግራመር የሚሠራበት ማሽን ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይጨነቅ አራቱን ባይቶች አንድ በአንድ አንስቶ ራሱ ያባዛል፣ ራሱ ይደምራል። ባይቶቹን ከ0 ጀምረን እየቆጠርን በአማርኛ ብንጽፈው ይህን ይመስላል፦

አራት_ባይት (መነሻ)፦
  ሀ = ፋይል[መነሻ]
  ለ = ፋይል[መነሻ + 1]
  ሐ = ፋይል[መነሻ + 2]
  መ = ፋይል[መነሻ + 3]
  መልስ፦ ሀ + ለ × 256 + ሐ × 65536 + መ × 16777216

የፋይል_ልክ = አራት_ባይት (2)
የምስል_መነሻ = አራት_ባይት (10)
ስፋት = አራት_ባይት (18)
ቁመት = አራት_ባይት (22)

በሲ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ግን አቋራጭ ይወዳሉ። የራስጌውን መስኮች በቅደም ተከተል የያዘ ስትራክት ያውጁና 14ቱን ባይቶች በአንድ ትንፋሽ በላዩ ላይ ያፈስሳሉ። ያምራል፤ አጭርም ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ፋይሉ 21 ባይት እንደሆነ፣ ምስሉ ግን ከ2,621,440ኛው ባይት እንደሚጀምር ይነግራቸዋል።

ይህ የሆነው ኮምፓይለሩ ለፕሮሰሰሩ ስለሚያዝን ነው። አራት ባይት የሆነ ቁጥር ለአራት በሚካፈል አድራሻ ላይ ቢቀመጥ ለማንበብ ይቀላል። በስትራክቱ ውስጥ የመጀመሪያው መስክ ሁለት ባይት ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፓይለሩ የሚቀጥለውን ለአራት የሚካፈል ቦታ ላይ ለማሳረፍ በመካከል ሁለት ባዶ ባይት ይጨምራል። 14 የነበረው 16 ይሆናል። ፋይሉ ግን ስለዚህ ክፍተት የሚያውቀው ነገር የለም። ቁጥሮቹ በሁለት ባይት ይንሸራተታሉ፤ የልኩ መስክ 54 249ን ዘሎ 21 0 0 0ን ይቀበላል፤ የምስሉ መነሻም 54ን ስቶ ከሚቀጥለው ክፍል የመጣውን 40 በ65,536 አባዝቶ ይይዛል። መፍትሔው ኮምፓይለሩን ክፍተት እንዳይተው ማዘዝ ነው፤ ለዚህም ፕራግማ ፓክ የሚባል ትእዛዝ አለ። በፓይተን ስትራክት የተባለው ሞጁልም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው፤ ከመስኮቹ ዝርዝር ፊት የ < ምልክት ካልተቀመጠ እንደ ማሽኑ ልማድ ክፍተት ይጨምራል። ሁለቱም መፍትሔዎች ይሠራሉ። ባይት በባይት ማንበብ ግን ለየትኛውም ማሽን፣ ለየትኛውም ኮምፓይለር ይሠራል፤ ዋጋውም አምስት ተጨማሪ መስመር ነው።

ከ14ቱ በኋላ ሌላ ራስጌ ይከተላል፣ 40 ባይት የሆነ። አንድ ፋይል ሁለት ራስጌ ለምን ያስፈልገዋል? የመጀመሪያው ለዲስክ ብቻ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ግን ምስሉ በሚሞሪ ውስጥ ሳለ፣ ለምሳሌ ከአንድ ፕሮግራም ተቀድቶ ወደ ሌላው ሲለጠፍ፣ አብሮት የሚጓዘው ነው። ዲስክ ላይ ሲያርፍ 14ቱ ከፊት ይቀጠሉለታል።

የዚህ ሁለተኛው ራስጌ የመጀመሪያ ቁጥር የራሱ የራስጌው ልክ ነው፤ 40። ያልተለመደ አጀማመር ይመስላል፤ ምክንያቱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው። በኅዳር 1985 የወጣው ዊንዶውስ 1.0 ምስሎቹን የሚያስቀምጠው እንደ ስክሪኑ ዓይነት ነበር፤ ለአንዱ ስክሪን የተሠራው በሌላው ላይ አይሆንም። ከስክሪን ነፃ የሆነ ምስል የመጣው ማይክሮሶፍትና አይቢኤም በጋራ ሲያበጁት በነበረው ኦኤስ/2 ውስጥ ነው፤ በ1988 ከወጣው ከ1.1 እትሙ ጋር። የዚያ ራስጌ 12 ባይት ብቻ ነበር፤ ስፋትና ቁመት በሁለት በሁለት ባይት ይጻፉ ነበር። በግንቦት 1990 ዊንዶውስ 3.0 ሲወጣ ማይክሮሶፍት የራሱን ባለ 40 ባይት ራስጌ ይዞ መጣ፤ ብዙ ሳይቆይም ሁለቱ ድርጅቶች ተለያዩ። ከዚያ ደግሞ ባለ 108 እና ባለ 124 ባይት ራስጌዎች ተከተሉ፤ የቀለምን ትክክለኛነት የሚመለከቱ መረጃዎች ተጨምረውባቸው። ማንም የእትም ቁጥር የሚባል መስክ አላስቀመጠም። ልኩ ራሱ የእትም ቁጥር ሆነ። አንባቢው 14ኛው ባይት ላይ ሲደርስ 12 ካየ በአንድ መንገድ ይሄዳል፣ 40 ካየ በሌላ። የማያውቀው ቁጥር ካጋጠመው ይቅርታ ጠይቆ መመለስ አለበት። ሁልጊዜ 40 ነው ብሎ የሚጀምር ኮድ የኦኤስ/2ን ፋይል ሲያገኝ ስፋትና ቁመቱን አጣብቆ አንድ ግዙፍ ቁጥር ያደርገዋል።

ከልኩ ቀጥሎ ስፋቱ፣ ከዚያ ቁመቱ ይመጣል፤ 32 3 0 0፣ 88 2 0 0። ቁመቱ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቢኤምፒ የሚጀምረው ከታች ነው። በፋይሉ ውስጥ መጀመሪያ የምናገኘው ረድፍ የሥዕሉ የመጨረሻ ረድፍ ነው፤ ግንበኛ ከመሠረቱ ጀምሮ ሽቅብ እንደሚደረድር ሁሉ ምስሉም ከሣሩ ተነሥቶ ወደ ደመናው ይወጣል። የኦኤስ/2 የስክሪን ሥርዓት በሒሳብ ትምህርት እንደምናውቀው ግራፍ ዜሮውን ግራ ግርጌ ላይ ያደርግ ስለነበር ነው። የዊንዶውስ ስክሪን ዜሮ ግራ ራስ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዊንዶውስ የራሱን ዋና የምስል ዓይነት እስከ ዛሬ ገልብጦ ያነባል።

ከላይ ወደ ታች መጻፍ የሚፈልግ ሰው ደግሞ መብቱ ተጠብቆለታል፤ ቁመቱን ኔጌቲቭ ያደርገዋል። -600 ማለት «ቁመቱ 600 ነው፣ ግን ከላይ ጀምሬያለሁ» ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ኮድ፣ ቁመት ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልም ብሎ ምልክት በሌለው ቁጥር ካነበበው፣ 4,294,966,696 ረድፍ ይጠብቃል። ያወቀውም ቢሆን ገና አልዳነም። በአራት ባይት የሚጻፈው ትንሹ ኔጌቲቭ ቁጥር -2,147,483,648 ነው፤ የዚህ ፖዘቲቭ አቻ ግን በዚያው አራት ባይት ውስጥ ቦታ የለውም። ምልክቱን ገልብጬ እቀጥላለሁ ያለ ፕሮግራም ገልብጦም ኔጌቲቭ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ከቁመቱ ቀጥሎ ያለው ሁለት ባይት ሁልጊዜ 1 ነው። ሌላ ምንም አይሆንም። እንደ 1984ቱ ኢጂኤ ያሉ የስክሪን ካርዶች የአንድን ነጥብ ቀለም በተለያዩ ንብርብሮች ከፋፍለው ያስቀምጡ ስለነበር፣ የንብርብሩ ብዛት የሚጻፍበት ቦታ ነው። ቢኤምፒ ንብርብር አይጠቀምም፤ ቦታው ግን ቀርቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ወሳኝ ነው፤ አንድ ነጥብ ስንት ቢት ይወስዳል የሚለው። 24 ከሆነ ሦስቱ ባይቶች ቀለሙን ራሱን ይናገራሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ነው። ቀይን ያስቀደመ ኮድ ኮረብታውን ብዙ አይጎዳውም፤ አረንጓዴ መሃል ላይ ስለሆነ ቦታውን አይለቅም። ሰማዩ ግን ብርቱካናማ ይሆናል።

ቁጥሩ 8፣ 4 ወይም 1 ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ እያንዳንዱ ነጥብ የሚይዘው የቀለም ተራ ቁጥር ነው፤ ቀለሞቹ ራሳቸው ፓሌት በሚባል ሰንጠረዥ ውስጥ ከራስጌው ቀጥለው ይቀመጣሉ፣ ለአንድ ቀለም 4 ባይት። 256 ቀለም 1,024 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ምስሉ የሚጀምረው ከ54 ሳይሆን ከ1,078 ነው። በ10ኛው ባይት ላይ የተጻፈውን የምስል መነሻ ትቶ «ሁልጊዜ 54 ነው» የሚል ኮድ እዚህ ላይ የቀለም ሰንጠረዡን እንደ ሥዕል ይሥለዋል። የፓሌቱ ቀለም ብዛት የሚጻፍበት መስክም አለ፤ ዜሮ ከሆነ «ምንም ቀለም የለም» ማለት አይደለም፣ «የሚቻለው ሁሉ አለ» ማለት ነው።

ሌሎቹን መስኮች ቶሎ ማለፍ ይቻላል። የመጨመቂያው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ዜሮ ነው። የምስሉ ልክ የሚለው፣ ምስሉ ካልተጨመቀ፣ ዜሮ ቢሆንም ሕጋዊ ነው። ከእነዚህ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ደግሞ በአንድ ሜትር ውስጥ ስንት ነጥብ እንዳለ ይናገራሉ፤ ኅትመትን በኢንች የሚለካ አገር ውስጥ የተፈጠረ ፋይል ለምን ሜትር እንደመረጠ ያስገርማል። በኢንች 72 ነጥብ የሚባለው የኅትመት ልማድ 2,835 ሆኖ፣ 96 ደግሞ 3,780 ሆኖ ይገኛል። አብዛኛው ፕሮግራም ዞር ብሎም አያያቸውም።

የማይታለፈው ራስጌው ውስጥ ያልተጻፈው ነው። በቢኤምፒ እያንዳንዱ ረድፍ የሚወስደው ባይት ለአራት መካፈል አለበት፤ ካልተካፈለ በስተመጨረሻው ሙሌት ባይት ይጨመርበታል። የሙሌቱን መጠን የሚናገር መስክ የለም፤ አንባቢው ከስፋቱ ራሱ ማስላት አለበት። 800 ስፋት 2,400 ባይት ነው፤ ለአራት ይካፈላል፣ ሙሌት አያስፈልገውም። 801 ከሆነ 2,403 ይሆናል፤ በፋይሉ ውስጥ ግን 2,404 ሆኖ ይቀመጣል። ይህን ያልቆጠረ ኮድ በየረድፉ አንድ ባይት እየተንሸራተተ ሥዕሉን ያጋድለዋል፤ ቀለሞቹም በየረድፉ ቦታ ይለዋወጣሉ። ክፋቱ ስሕተቱ በፈተና ጊዜ መደበቁ ነው። የተለመዱት ስፋቶች፣ 320፣ 640፣ 800፣ 1024፣ ሁሉም ለአራት የሚካፈሉ ናቸው። በኮረብታው ብቻ የሞከረ ሰው ኮዱ ትክክል ይመስለዋል። ለመፈተን የተሻለው 5 በ3 የሆነች ትንሽ ሥዕል ሠርቶ ማየት ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ፋይሉን የጻፈው ሰው ቅን እንደሆነ ቆጥሮ ነው። ራስጌ ግን ማስረጃ አይደለም፤ ጸሐፊው የተናገረው ቃል ነው። ስፋት 65,536፣ ቁመት 65,536፣ ለአንድ ነጥብ 8 ቢት የሚል ራስጌ ይምጣ እንበል። ፕሮግራሙ ስንት ሚሞሪ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ያባዛል፤ መልሱ 4,294,967,296 ነው። ይህ ቁጥር አራት ባይት ውስጥ ከሚገባው ትልቁ ቁጥር በአንድ ይበልጣል። በ32 ቢት የሚያሰላ ኮድ ስለዚህ ዜሮ ያገኛል፤ ዜሮ ባይት ይጠይቃል፤ ሲፈቀድለትም ሥዕሉን መጻፍ ይጀምራል፤ የእሱ ባልሆነ ሚሞሪ ላይ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በፋይሉ ጸሐፊ ብልሃት ይወሰናል። በሚሞሪው ላይ ምን እንደሚያርፍ የመረጠው እሱ ነውና።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ስጋት ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በየካቲት 2004 የዊንዶውስ 2000 ምንጭ ኮድ ከፊሉ ሾልኮ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። በቀናት ውስጥ አንድ ሰው ኮዱን አንብቦ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ላይ ቀዳዳ እንዳገኘ አስታወቀ፤ ቀዳዳው የነበረው ቢኤምፒ በሚያነበው ክፍል ነው። ኮዱ የምስል መነሻ የሚለውን መስክ ኔጌቲቭ ሊሆን በሚችል ቁጥር ይዞት ነበር። «ከልክ በላይ ትልቅ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ኔጌቲቭ ቁጥር ሁልጊዜ «አይደለሁም» ይላል፤ ፈተናውን ያልፋል። ከዚያ የሚያነበው ክፍል ያንኑ ቁጥር ኔጌቲቭ የማያውቅ አድርጎ ሲወስደው እጅግ ግዙፍ ይሆናል። በዚያ ላይ የተመሠረተ ፋይል በድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ተጠቃሚው ሥዕል ከማየት በቀር ሌላ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም።

ስለዚህ ጠንቃቃው አንባቢ የፋይሉን ልክ ራስጌውን አይጠይቅም፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ነው የሚጠይቀው። አንዳንድ ፕሮግራሞች መጨረሻው ላይ ሁለት ዜሮ ባይት ስለሚጨምሩ የተጻፈው ልክ በቅን ልቦናም ሊዛነፍ ይችላል። የምስሉ መነሻ ከራስጌውና ከፓሌቱ በኋላ፣ ከፋይሉ ጫፍ ደግሞ በፊት መሆኑን ያያል። ስፋቱ ከዜሮ በላይ፣ ቁመቱም ዜሮ አለመሆኑን ያያል። ማባዛቱን ሁሉ በ64 ቢት ያደርገዋል። የአንዱን ረድፍ ልክ ከነሙሌቱ በረድፎቹ ብዛት አባዝቶ ያ ሁሉ ባይት በእርግጥ ፋይሉ ውስጥ እንዳለ ያረጋግጣል። የነጥቡም ተራ ቁጥር ከፓሌቱ ብዛት እንዳይበልጥ ይጠብቃል፤ 16 ቀለም ብቻ ይዞ 200ኛውን ቀለም የሚጠራ ፋይል መጻፍ ለማንም ቀላል ነውና። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ሥዕሉን መሣል ሃያ መስመር አይሞላም።

ቢኤምፒ ፎቶ ለማስቀመጥ የሚመረጥበት ዘመን አልፏል፤ ቦታ ይፈጃል። ሆኖም የማይሞት ያደረገው አንድ ቤት አለ። አይሲኦ የሚባለው የዊንዶውስ አይከን ፋይል፣ በብራውዘር ትር ላይ ከድረ ገጹ ስም ጎን የምትታየው ትንሽ ምልክት ብዙ ጊዜ የምትቀመጥበት፣ በውስጡ የቢኤምፒን ራስጌ ይዞ ይገኛል። ከቪስታ ወዲህ ፒኤንጂም ይፈቀድለታል እንጂ አሮጌው መንገድ ዛሬም ይሠራል። 14ቱ ባይቶች እዚያ የሉም፤ ስለዚህ «ቢኤም»ን የሚፈልግ አያገኘውም፤ ራስጌው በቀጥታ በ40 ይጀምራል። ሌላም ጉድ አለው። 16 በ16 የሆነ አይከን ራስጌው ውስጥ ስፋቱን 16፣ ቁመቱን 32 ብሎ ይጽፋል። ከቀለሙ ምስል በኋላ የትኛው ነጥብ እንደሚታይና የትኛው እንደማይታይ የሚናገር ሁለተኛ ምስል፣ ለአንድ ነጥብ 1 ቢት የሆነ፣ ስለሚከተል የሁለቱ ቁመት ተደምሮ ነው የሚጻፈው። የአይከን አንባቢ ቁመቱን ለሁለት ይከፍላል፤ ከዚያ የሁለተኛውን ምስል የረድፍ ሙሌት ለብቻው ያሰላል፤ 16 ነጥብ 2 ባይት ብቻ ቢሆንም በፋይሉ ውስጥ ያው 4 ባይት ይወስዳል።